ያ ሞጁል የኔ ነው

— ሄሎ?... አዎ፣ ጠሂራ ነኝ። ማን ልበል?... ይገረም! ቁጥሩ አዲስ ሆነብኝ እኮ። ጫጫታው ምንድነው?... አውቶቡስ ተራ? ምን ልትሠራ?... ደብረ ማርቆስ? ዛሬ?

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... ቆይ መስኮቱን ልዝጋው፣ ከቢሮው ታች ተሸካሚዎቹ «ዞር በሉ!» እያሉ ነው፤ ሶማሌ ተራን ታውቀው የለ።... እሺ፣ አሁን ንገረኝ።

— የምን ይቅርታ?... ሥራ ያስገባሁህ እኔ ስለሆንኩ? ኧረ ተው ይገረም! አላሳፈርከኝም።... ተው ስልህ! ስማኝ። ትናንት ያስነሳኸው ማጽጃ ፕሮግራም ምንም ችግር የለበትም።... አውቃለሁ፣ ከጌሙ ላይ ለሙከራ የፈጠርናቸውን ተጫዋቾች ብቻ ነበር ማጥፋት ያለበት። የእውነተኞቹን ጠረጋቸው። ስንት ዓመት የተጫወቱ ልጆች ዜሮ ገቡ፣ አውቃለሁ።... ላጽናናህ ብዬ አይደለም! ዛሬ ጠዋት ኮዱን መስመር በመስመር አነበብኩት።

— ያ ዳታቤዙን የሚከፍተው የፐርል ሞጁል... አዎ፣ እኔ የጻፍኩት። አንዴ ተጽፎ ለሁሉም ጌም ያገልግል ያልኩት። የዳታቤዝ ስም ካልሰጡት «አልሠራም» ብሎ መቆም ነበረበት። እኔ ግን ለራሴ እንዲቀለኝ ብዬ እውነተኞቹ ተጫዋቾች ያሉበትን ዋናውን ሰርቨር እንዲከፍት አደረግኩት።... ለማንም አልነገርኩም። አንተ በምን ታውቃለህ?

— መቼ ነው ያወቅኩት?... ትናንት። አለቃችን ጋሼ ኃይለመለኮት ሰው ፊት ሲጮሁብህ፣ ያኔ ጠረጠርኩ።... አዎ፣ «ከዚህ ቢሮ ውጣ» ሲሉህም። አጠገብህ ቆሜ ጫማዬን አይ ነበር።... ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

— አይ... እስካሁን አልነገርኳቸውም።... ልክ ነህ። ቆይ፣ እንዳትዘጋው።

— ጋሼ!... ይቅርታ ጋሼ፣ አንዴ ይስሙኝ። ተጫዋቾቹን ያጠፋው ይገረም አይደለም። እኔ ነኝ፤ እሱ የተጠቀመበት ሞጁል የኔ ነው።... አዎ፣ ትናንትም ጠርጥሬ ነበር።... የሚሉኝን ይበሉኝ፣ ብቻ እሱ መስመር ላይ ነው።

— ሰማህ?... መነጽራቸውን አውልቀው ቁጭ ብለዋል።... ቆይ... አቤት ጋሼ?... ይገረም፣ «አሁኑኑ ይመለስ» እያሉ ነው! አውቶቡሱ ላይ እንዳትወጣ።

— ምን?... የተጫዋቾቹ ዳታ ኮፒ? ከማጽዳትህ በፊት ያስቀመጥከው? አንተ ላፕቶፕ ላይ?... ታዲያ ትናንት ለምን አል... እውነትህን ነው። ማን አስጨረሰህ።

— እሺ። ማርቆስ ስትደርስ ትልክልኛለህ።... አዎ፣ ተጫዋቾቹ ምን አጠፉ።

— አንተስ?... አይ፣ ስለ ኮፒው አይደለም፤ አንተስ መቼ ነው የምትመጣው?

— ...ገባኝ።... አይ፣ አልለምንህም። ረዳቱ እየጮኸ ነው፣ ግባ። በሰላም ግባ ይገረም።... ሄሎ?

— ዘጋው ጋሼ።... አዎ፣ የጠፋውን ሁሉ ይልክልናል።... አይ። እሱ አይመጣም።