«ለውጡ ይቀመጥ?»

እንዴት አደርሽ እቴ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እሰይ! ነይ እዚህ ተቀመጪ፤ ካርድ ክፍላችን ዛሬ ፀሐይ ገብቶለታል... ቀስ ብዬ እንዳወራ ነው የምትጠቅሺኝ? ለምን፣ ማተሚያውን የሚፈታታው ሰው እንዳይሰማ? ይስማ እንጂ! እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። ደግሞም ምስጋና ነው።

ይህን የበሽተኞች መዝገብ ፕሮግራም የሠራልን ሰው እኮ... እንዴት ያለ ጠንቃቃ ነው! መጀመሪያ አንዲት ካርድ ስንዘጋ፣ የተለወጠ ነገር እንዳለ ለማወቅ ኮምፒውተሩን መዝገቡን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ያስነብበው ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል? የኛ እንቁላል ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ ሲመለስም ኮምፒውተሩ ገና ያነባል። ተንጫጫን፤ አሻሻለልን። አሁን ማውዙ ካርዱን ከነካ በቃ፣ «ያልተቀመጠ ለውጥ አለ፤ ይቀመጥ?» የምን ለውጥ? ስልክ ቁጥር አይቼ ልዘጋ ነው እኮ! እናቴ እንኳ እንዲህ አትጨነቅልኝም...

እኔ ደንቆሮዋ በወረቀቱ ጊዜ ምን አደርግ ነበር? በቀየርኩት መስመር ዳር በእርሳስ ነጥብ። ነጥብ ካለ ለሐኪሙ ፊርማ፣ ከሌለ ወደ መደርደሪያው። የተማረ ሰው ግን ከእርሳስ ምን ይማራል?

ታዲያ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ «አይ» ስለው ጣቴ ለመደ። ማክሰኞ አንዲት እናት «ልጄን ፔኒሲሊን ይገድለዋል፣ ጻፊልኝ» አለችኝ። ጻፍኩ። ጠየቀኝ። «አይ» አልኩት፤ የጻፍኩት ጠፋ። ፔኒሲሊኑ በመርፌ ተቀድቶ እናትየው ባትጮህ ኖሮ... ተዪው።

ምነው፣ መፍቻ ወደቀ መሰለኝ?

በዚሁ ጉዳይ የተጠራው ስብሰባ ላይማ ፕሮግራም ሠሪያችን እንዴት አምሮበት ነበር! «ፕሮግራሙ ጠይቋታል፤ አይ ያለችው እሷ ናት።» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲሉ የድሮ ሰው ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በማኅተምም ይለከካል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ይኸውልሽ። አንድ ቢደገም፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎት በኋላ ወደ ቤቴ ነው።

ተቀየምሽው ወይ ትይኛለሽ? በጭራሽ! ዕድሜ ይስጠው፣ ልጆቹን ያሳድግለት። ለኛ እንዳሰበልን ፈጣሪም እንዲሁ ያስብለት። ድንገት ቢያመው እንኳ፣ አይበለውና፣ ሌላ ቦታ እንዳይንከራተት። ካርዱን እኔው እሞላለታለሁ፤ በገዛ ፕሮግራሙ... በዚችው ጣቴ።