ተገልብጦ የተለጠፈው ሴንሰር

አምቦ፣ የኮሌጃችን ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ተማሪዎቻችን በራሷ የምትሄድ ትንሽ መኪና ሠርተው ነበርና የሚያሠለጥናቸው ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። ሰውዬው የመኪናዋን አዟዟር የሚለካውን ሴንሰር አንስቶ በፊቱ ደፍቶ ለጠፈው። የወርክሾፑ ቴክኒሻን እኔ ነኝና፣ «መምህር፣ ተገለበጠ እኮ! ግራውን ቀኝ ሊለው ነው» አልኩት። «እህቴ፣ አቧራ እንዳይገባበት ነው» አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። አዋቂ ተልኮልን ሞተናል!

መኪናዋ ስትለቀቅ ቀጥ ብላ በመሄድ ፈንታ እዚያው ትሽከረከር ጀመር። «ወለላችሁ ዘሟል» አለ። የኮሌጁ ግንበኛ ኦቦ ገመቹ ውሃ ልካቸውን ወለሉ ላይ አስቀምጠው፣ «ኩኖ፣ ይኸው፣ ልክ ነው!» አሉት። እሱ ግን ስልክ ሊያነሳ ወጣ። እኔም ሴንሰሩን አላቅቄ በትክክል ለጠፍኩትና መኪናዋን ለቀቅኳት። ተመልሶ ሲገባ መኪናዋ ቀጥ ብላ ወደ በሩ ስትመጣ አገኛት። «አያችሁ? ሞተሩ ሲሞቅ ይስተካከላል!» አይል መሰላችሁ! እኔስ ንቄ ልተወው ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን ጎንበስ ብለው «አስቀድሞ ሞተሩን ማሞቅ» እያሉ ደብተራቸው ላይ ሲጽፉ ሳይ ደሜ ፈላ። ፊቱ ቆሜ፣ «ሰርዙት!» አልኳቸው። ሰረዙት።