ከልጇ የምታንስ እናት

ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሰው ጆሮውን የት ይደብቃል? ከኮተቤ ወደ የካ ስንመጣ ከፊቴ የተቀመጡ ባልቴት አጠገባቸው ያለውን ወጣት ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቁት።

“ኮምፒዩተር ክፍል ነኝ፣ እማማ። ፕሮግራም በትክክል መሥራቱን እፈትሻለሁ።”

“ብቻህን?”

“ድሮ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ሁለት ነበርን። ለሙከራ የሌሉ ሰዎች እንፈጥራለን፤ ማሽኑ ያተመውን እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ አርማለሁ። አሁን ፍተሻውንም ማሽኑ ይሠራዋል ተባለና ጓድ ኃላፊው እሷን ክፍለ ሀገር አዛወሯት።”

“ታዲያ ይችላል?”

“የነገርነውን ይችላል። ትናንት ከልጇ የምታንስ እናት አሳልፎ ‘ስህተት የለም’ ብሎ አተመ።”

“በስመ አብ! እንዴት ሆኖ?”

“የሁለቱም የልደት ቀን በየራሱ ልክ ነዋ። እናት ከልጇ ትበልጣለች ብሎ የነገረው ሰው የለም።”

“አንተስ እንዴት አገኘኸው?”

“ልማድ ሆኖብኝ ጮክ ብዬ ሳነብ። ሳቄ መጣ፤ ልነግራት ዞር ስል ወንበሯ ባዶ ነው።”

“ታዲያ ለማን ነገርከው?”

“ይኸው፣ ለእርስዎ።”

አጠገቤ ቦታ ይዞ የነበረውን ቦርሳዬን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት፤ ሰው ይቀመጥ ብዬ።