መርከበኛውን የገደልኩት እኔ ነኝ

ክቡራትና ክቡራን፣ ዶክተር ፓሎማር፣ ሲስተር አውሪንግ፣ እንዲሁም ለንግግሬ ሳይሆን ለፓንሲቱ ፓስታ የመጣችሁ ሁሉ፤ ይህን ድግስ ስላዘጋጃችሁልኝ አመሰግናለሁ። ረዥሙ የፓንሲት ክር ረዥም ዕድሜ ይሰጣል እንላለን። ታዲያ ለጡረተኛ ይህን ያህል ትንሽ ጭልፋ ምን ማለታችሁ ነው?

በዚህ ሆስፒታል ካንሰር ሲያድን የኖረው ማኖንግ እያላችሁ እንደ ታላቅ ወንድም የምትጠሩኝ ቲቦ ነው፣ እኔ። እሺ፣ ዶክተሮቹም ረድተውኛል። እሺ፣ እኔ ዊልቸር ነው የገፋሁት። ግን ያልተገፋ በሽተኛ ጨረር ክፍል በምን ይደርሳል?

ሰው ግን ገድያለሁ። መርከበኛ። መጻፍ ያስተማረኝ የማታ ትምህርት ቤት ይመስገንና ይህን በራሴ እጅ ስለጻፍኩት፣ የእምነት ቃሌ ብላችሁ መያዝ ትችላላችሁ።

ታሪኩ የኔሊዳ ነው፣ የዓሣ ነጋዴዋ። ያቻት ከኋላ ተቀምጣለች። "ልናገር ወይ?" ብላት፣ "ተናገር፣ ግን እንዳታሳንሰኝ" ብላኛለች።

ኔሊዳ የማህፀን በር ካንሰር ይዟት ስትመጣ፣ ዶክተር ፓሎማር ቀና እንኳ ሳይሉ "ባልሽ ምን ይሠራል?" አሏት። ባል የላትም። ያለቻት ጆቪ ናት፣ ባለ ሦስት እግሯን ሞተር የምትነዳው፤ አብረው ሸብተዋል። ኔሊዳ ፈራችና "መርከበኛ ነው" አለች። እዚህ ኢሎይሎ ከተማችን ውስጥ ይህን ማን ይጠረጥራል? መርከበኛ የሌለው ቤት ካለ ገና ጣሪያው አልተመታም ማለት ነው።

ከዚያማ መርከበኛው ገነነ። ዶክተር ሰላምታ ይልኩለታል። አውሎ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ሲስተር አውሪንግ ሻማ ታበራለታለች። ጆቪ አልጋው ሥር ተቀምጣ ታራግባለች፤ እኛ ደግሞ "እንዴት ያለች እህት ናት" እንላለን። ኔሊዳ ስለ መኝታ ነገር ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት፣ ዶክተር "እሱን ባልሽ ሲመለስ" ይላሉ። ባልየው የት ወደብ እንደቀረ እንጃ።

ያልነገሩት ሰው ምን ያደርጋል? የራሱን ሕክምና ይፈጥራል። ኔሊዳ ጨረሩ ከገላዋ ወደ ጆቪ የሚጋባ መሰላት። እጇን እንዳትነካት ከለከለቻት። ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፋ እንድትተኛ አስወጣቻት። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረቻትም።

ጆቪ በር ላይ ያዘችኝ። "ማኖንግ፣ እኔ ልሄድ ነው። ጠልታኛለች።"

"አንቺ ከሄድሽ ማን ያራግብላታል?"

"መርከበኛው ያራግብላታ።"

በዚያው ቀን ኔሊዳን ስገፋ መንገድ ላይ አስቆመችኝ። "ማኖንግ፣ መልሰኝ። ጨረሩ ወደ ጆቪ ይጋባል። እሷን ካልነካሁ ድኜ ምን ልሆን?"

መርከበኛ የሚባል እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ሕክምናው ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው። እንደማይጋባ በምን አውቄ ልንገራት? የሚያውቁት ዶክተር ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ መርከበኛውን እየጠበቁ ነው። ስለዚህ መርከበኛው መሞት አለበት። ሄጄ "ዶክተር፣ መርከቡ ሰጠመ" አልኳቸው። ትንሽም አለቀስኩ፤ ለቅሶ ላይ የሚያህለኝ የለም።

ሲስተር አውሪንግ እየተነፋረቀች፣ ዶክተር አንገታቸውን ደፍተው፣ አልጋዋ ድረስ መጡ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ኔሊዳ። እንግዲህ ስለ መኝታው መነጋገሩም ቀረ።"

ጆቪ ሳቋ አመለጣት። ኔሊዳ ግን አልሳቀችም።

"ዶክተር፣ ባል ኖሮኝም ሞቶብኝም አያውቅም። የኔ ሰው ይቺ ናት፣ ማራገቢያ የያዘችው። ጨረሩ ይጋባባታል ወይ?"

"አይጋባም" አሉ።

አንድ ቃል። ለዚህች ስንት ውቅያኖስ ዞርን?

ያን ጊዜ ዶክተር ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ መቀመጥ እንደሚችሉ ያወቅነው ያን ቀን ነው። መቼ መቀራረብ እንደሚችሉ፣ ብልቷ እንዳይጠብ በማስፊያ መሣሪያ እንዴት እንደምትለማመድ፣ ሲያማት ምን ማድረግ እንዳለባት ለሁለቱም አስረዷቸው። ጆቪ ካርቶኗን ጠቅልላ ገባች። ኔሊዳም ጨረሯን ጨረሰች።

ከዚያ ወዲህ ዶክተር ፓሎማር የመጣውን ሁሉ "የልብህ ሰው ማን ነው? ስለ መኝታ የሚያስጨንቅህ አለ?" ብለው ሳይጠይቁ አያልፉም። እስቲ አጨብጭቡላቸው።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ሊፍቱ ይሥራላችሁ። ያከማችሁት በሽተኛ ይዳን። ብትታመሙ የምትወዱት ሰው አጠገባችሁ ይደር፣ ኮሪደር ላይ አይደር። ሲስተር አውሪንግ፣ የተረፈው ሻማሽ ለራስሽ ይብራልሽ።

ከተናገርኩት ውስጥ አንዷን ፈጥሬያታለሁ። ዶክተር ሁሉን ይጠይቃሉ ያልኩት ውሸት ነው። የጠየቁት የለም፤ ኔሊዳም ራሷ ነች የጠየቀቻቸው፣ እሱም ሰው ከገደልኩ በኋላ። ካርዷ ወንድ ስለሚላት ወንዶች ክፍል ያስተኛችኋት፣ ፀጉሯን የምትጎነጉን፣ ፕሮስቴት የታመመች ሴት አለች። ትናንት ዶክተር ካርዱን እያዩ "ሚስትህስ?" አሏት።

"ሆንግ ኮንግ ናት፣ ሰው ቤት ትሠራለች" አለቻቸው።

እኔ ነገ የለሁም። ያቺን ሚስት ማን ይገድልልኛል?