ብርድ ልብስ የተጋረደበት ፊልም

ወደ ጣርማ በር የሚሄደው ሚኒባስ ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ እንደወጣ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ በመስኮት አንድ ፎቅ አሳየ።

«እዚህ ጋ ድሮ ቪዲዮ ቤት ነበር» አላት አጠገቡ ለተቀመጠችው ሴት።

«አውቀዋለሁ እንጂ! ጀርባዋ ላይ አፍ የሚወጣባትን ልጅ ፊልም ያየሁት እዚያ ነው።»

«አንቺም አይተሻታል? እናትና አባቷ በተጣሉ ቁጥር ቆዳዋ እየተተረተረ!»

«አፉን እንኳ አላየሁትም። ባለቤቱ ‹ልጆች ይደነግጣሉ› ብሎ ቲቪው ላይ ብርድ ልብስ ይጥልበት ነበር።»

«ጩኸቱን ብቻ ነበር የምንሰማው። በቀደም በስልኬ አየሁት፤ አፉ ፕላስቲክ ነው፣ ያስቃል። ብርድ ልብሱ ይሻለን ነበር።»

«በጣም እንጂ!»

«አንድ ሰውዬ ደግሞ ትዝ ይለኛል። ብድግ ብሎ ‹ኧረ በሚካኤል ይዣችኋለሁ፣ ለልጅቷ እዘኑላት!› ብሎ ቲቪው ላይ ጮኸ። ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ።»

«አባቴ ነው።»

«እንዴ! ይቅርታ እህቴ...»

«ኧረ ሳቅ፣ ምን ይቅርታ አለው። ያኔ እናቴን ጥሎ እህቱ ጋ ነበር የሚኖረው። እኔን ሊያዝናና ነው የወሰደኝ። ሽማግሌ ሄዶ በሚካኤል ቢለምነው እምቢ ያለ ሰውዬ፣ ከዚያ እጄን ይዞ እቤት ድረስ መጣና አብሮኝ ገባ።»

«በፊልም ታረቁ?»

«ታረቁ። ግን እስኪሞት ድረስ፣ ከእናቴ ጋር ድምፃቸው ከፍ ሲል ድንገት ዝም ይልና ጀርባዬን ዳበስ ያደርግ ነበር።»

እኔም ከኋላቸው ሆኜ፣ ሳይታወቀኝ እጄን በሹራቤ ስር ወደ ጀርባዬ ሰደድኩ።