ፍርስራሹ የት አለ?

ወሎ ውስጥ፣ በአንዲት ደጋማ ከተማ። አስተዳደሩ ፈርሰው ባዶ ለቀሩ ቤቶች የማደሻ ድጋፍ ይሰጣል፤ ባለሙያው ደምሰው ድጋፉን የጠየቁትን የእትዬ ሰዓዳን ቤት ሊያይ መጥቶ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሳሎኑ መሀል ግራ ተጋብቶ ቆሟል።

ደምሰው፦ እትዬ ሰዓዳ፣ አይቆጡኝና ፍርስራሹ የት አለ?

ሰዓዳ፦ መጀመሪያ ተቀመጥ እንጂ! ቆሞ የሚጠይቅ ፖሊስ ነው።

ደምሰው፦ እኔ እኮ የፈረሰ ቤት እንዳይ ነው የተላክሁት። ይሄ ግድግዳው በኖራ የተቀባ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ባለ ሶፋ ሳሎን ነው። የእኔ ቤት እንኳ ሶፋ የለውም።

ሰዓዳ፦ ማሻ አላህ በል! ዓይንህ እንዳያርፍበት። እንግዳ ይመጣል ሲሉኝ ምን ላድርግ? ሰሞኑን ስጠርግ ስቀባ ወገቤ ተቆረጠ።

ደምሰው፦ እንግዳ አይደለሁም፤ ቤቱን ልገመግም ነው የመጣሁት!

ሰዓዳ፦ ደጄን የረገጠ ሁሉ እንግዳ ነው። የመንግሥት ሰው በሸረሪት ድር ይቀበሏል? እናቴ ከመቃብር ተነስታ ትቆነጥጠኛለች።

ደምሰው፦ ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ? ማመልከቻዎ «ፈርሷል፣ ሰው አይኖርበትም» ይላል።

ሰዓዳ፦ እንደሱ ብለህ ጻፋ።

ደምሰው፦ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ሰዓዳ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ! በል ቁጭ በል… ቀስ! ቀስ ብለህ! እግሩን እንዳትሰብርብኝ፣ ፋጡማ ታርደኛለች።

ደምሰው፦ ፋጡማ ማናት?

ሰዓዳ፦ ጎረቤቴ ናት። ሶፋ ትወዳለች።

ደምሰው፦ ሶፋው የእሷ ነው?

ሰዓዳ፦ ሶፋው አዎ። ምንጣፉም… እሱም የእሷ ነው።

ደምሰው፦ የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰሙም?

ሰዓዳ፦ ሰምቻለሁ። ግን አንተን አደናግሮህ የለ?

ደምሰው፦ ያ መጋረጃስ ለምንድን ነው እንዲህ የሚወዛወዘው?

ሰዓዳ፦ ከኋላው መኝታ ቤት ነው። አየር እንዲገባ ብዬ መስኮት ከፍቼ ነው።

ደምሰው፦ ዶሮስ? አሁን ከመኝታ ቤት ዶሮ ወጣች እኮ!

ሰዓዳ፦ እሽ! እሽ! ይቺ ባለጌ! የጎረቤት ናት።

ደምሰው፦ እሷንም ተውሰው ነው?

ሰዓዳ፦ እሷስ ሳትጠራ ነው የመጣችው።

ደምሰው፦ እትዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። መጋረጃውን ይግለጡልኝና ፎቶ ላንሳ።

ሰዓዳ፦ እሱን ለራስህ ንገረው። ከገባህ ጀምሮ ግራ እግርህን በቀኝ እግርህ ደፍነህ የያዝኸው ለምንድን ነው? ካልሲህ ተቀዶ አይደል?

ደምሰው፦ የእኔ ካልሲ ድጋፍ አልጠየቀም!

ሰዓዳ፦ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኔ ግን አልገልጥም። ያንን ክፍል ባለቤቴ እንድሪስ፣ አላህ ይርሀመው፣ ጭቃውን ራሱ አቡክቶ፣ ራሱ መርጎ ነው የሠራው። እንዲህ ሆኖ ማንም አያየውም።

ደምሰው፦ እንዴት ሆኖ?

ሰዓዳ፦ ምንም አልሆነም!

ደምሰው፦ እሺ። እንግዲያው «ደህና ቤት ነው» ብዬ ልሂድ፤ ድጋፉም ለሌላ ሰው ይሰጣል። ለመሆኑ የት ነው የሚያድሩት?

ሰዓዳ፦ ልጄ ጋ።

ደምሰው፦ ጥሩ ነዋ።

ሰዓዳ፦ ልጄ ባል አላት።

ደምሰው፦ አማችዎ ክፉ ነው?

ሰዓዳ፦ ክፉማ ቢሆን ተጣልቼው እወጣ አልነበር? ኑሩ ወርቅ ነው። ስገባ ብድግ ይላል፤ እኔ ካልቆረስሁ እጁን ወደ ገበታ አይሰድም፤ እኔ ሳልተኛ አይተኛም። እኔም እሱን አፍሬ ሻሽ ሳላስር ከክፍሌ አልወጣም። ስንከባበር ሁለታችንም እግራችንን ሳንዘረጋ ከረምን። ሳል ሲይዘኝ እንኳ ጓሮ ወጥቼ ነው የምስለው። ደከመኝ ልጄ። በቤቴ ሻሼን ወዲያ ጥዬ፣ እንደ ልቤ ማንኮራፋት ነው የናፈቀኝ።

ደምሰው፦ ታዲያ ይግለጡታ!

ሰዓዳ፦ ፎቶው የት ይሄዳል?

ደምሰው፦ እውነቱን ልንገርዎት? ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ማን ለምን እንደተረዳ ሕዝብ ማየት አለበት፤ መመሪያው ነው።

ሰዓዳ፦ ሰሌዳ ላይ! መታወቂያ የሚያሳድሰው፣ ለዘይት የሚሰለፈው ሁሉ የእኔን ገመና ሊያይ! ፋጡማ ልታይ!

ደምሰው፦ ሶፋዋን ሲወስዱ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም?

ሰዓዳ፦ ጠየቀች እንጂ። ሽማግሌ ሊመጣ ነው አልኋት።

ደምሰው፦ ለማን?

ሰዓዳ፦ ለእኔ ነዋ! ሴት ልጄ አግብታለች፤ ማን ቀረ?

ደምሰው፦ እትዬ! አሁን እኔ በሯ ላይ ሳልፍ «ይቅናህ» ያለችኝ ሴትዮ…

ሰዓዳ፦ እሷ ናት። ለሽማግሌ ትንሽ ታንሳለህ፤ ግን ቦርሳህ አከበረህ።

ደምሰው፦ የአላህ ያለህ! ይስሙኝማ። ሁላችንም የምንሸፍናት አለችን። ይኸው፣ ቀኝ እግሬን አነሳሁ። ይዩት፣ አውራ ጣቴ ከነሙሉ ክብሩ ወጥቷል። አሁን ተራው የእርስዎ ነው።

ሰዓዳ፦ ውይ ልጄን! ተረከዝህም ወጥቷል እኮ! ይህን ይዘህ ነው እኔን የምትመረምረው?

ደምሰው፦ ይህን ይዤ ነው።

ሰዓዳ፦ ፎቶው… በትልቁ ነው የሚለጠፈው?

ደምሰው፦ በትልቁ ነው፣ እትዬ።

ሰዓዳ፦ እንግዲያው ሶፋው አብሮ እንዳይነሳ፤ ፋጡማ ታውቀዋለች። በል ጫማህን አድርግና ተከተለኝ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ቤት የለም።