በአንድ ንፍፊት ሁለት በሽታ

ክቡራትና ክቡራን፣ የክሊኒኩ ባልደረቦቼ፤ ይህን የጡረታ መሸኛ ድግስ ያሰናዳችሁልኝ እጃችሁ ይባረክ። ዳቦው ሳይቆረስ ጥቂት ልናገር። ከተቆረሰ በኋላማ ማን ይሰማኛል?

ሃያ ሁለት ዓመት እዚሁ መርካቶ፣ ከሰው አንገትና ብብት የወጣ ንፍፊት በማይክሮስኮፕ ሳይ ኖርኩ። ወረፋው ብዙ ስለሆነ አንድ ሕግ ነበረኝ፦ የበሽታውን ስም ካገኘህ ስላይዱን፣ የናሙናውን መስታወት፣ አንሣ፣ ቀጣዩን አምጣ። እኮራበትም ነበር።

ከዛሬ ስድስት ዓመት በፊት፣ በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጠይብ የሚባል የበርበሬ በረንዳ ነጋዴ አንገቱ አብጦ መጣ። ሁሉም ቲቢ ነው አለ። እኔ ግን ንፍፊቱን አይቼ ሊምፎማ ነው፣ የንፍፊት ካንሰር፣ ብዬ ጻፍኩ። ደረቴን ነፍቼ ፈረምኩ።

ወረቀቱን ወደ ሆስፒታል የምትልከው ሠርኬ ነበረች፤ ያቻትና፣ እዚያ ጥግ የተቀመጠችው የላቦራቶሪ ባለሙያችን። አልላከችውም። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ማይክሮስኮፑን መስኮት አጠገብ ወስዳ በፀሐይ ብርሃን ስታይ ዋለች። የሸማ ተራ ሰዎች፣ ሴትየዋ በመነጽር እየሰለለችን ነው ብለው ለቀበሌ አመለከቱ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አይቀየሙኝ፤ ያኔ እርስዎ አልተመረጡም ነበር።

ከሰዓት በኋላ መጣችና፣ «ዶክተር፣ ትልልቆቹን ሴሎች በደንብ አይተዋል። በመሀላቸው ያሉትን ትንንሾቹን ግን አላዩም» አለችኝ።

ተቆጣሁ። ንፍፊት መቼም ትንንሽ ሴል አያጣም፣ ደግሞ አንቺ ሐኪም ልትሆኚብኝ ነው ወይ አልኳት። አላፈገፈገችም። በሌላው ሰው ትንንሾቹ ይለያያሉ፣ የዚህ ሰው ግን በአንድ ወንፊት እንዳለፈ ዱቄት እኩል ናቸው፣ ከአንድ የታመመ ሴል የተባዙ ይመስላሉ አለች። ለካ ከጠይብ ደም ወስዳ ቆጥራም ኖሯል። ነጭ የደም ሴሎቹ ከልክ በላይ በዝተዋል።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቷን ነበር። ሰውየው ሊምፎማም የደም ካንሰርም ነበረበት፤ ሁለቱም ባቄላ በሚያህል ንፍፊት ውስጥ አብረው ተቀምጠዋል። እኔ አንዱን ሳገኝ ሌላውን መፈለግ ትቼ ነበር። የእኔ ወረቀት ሄዶ ቢሆን፣ ለሊምፎማ ብቻ የታሰበው ብርቱ መድኃኒት በዚያ በተዳከመ ደሙ ላይ ይገድለው ነበር። ሁለቱንም ጽፌ ላክሁ፤ የሆስፒታሉ ሐኪሞችም የመድኃኒቱን መጠን ቀነሱ። ጠይብ አምስት ዓመት ኖረ፤ ልጁን ጠሂራን ድሮ፣ የልጅ ልጅ አቅፎ አረፈ።

እንዲህ ያለ ዓይን ከየት ይገኛል? እኔ ነኝ ያስተማርኳት፤ እሷ ግን ያላስተማርኳትን አየች። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደሷ ያስደነቀኝ ሰው የለም።

ያልነገርኳችሁም አለ። ሆስፒታሉ ሁለቱ በሽታዎች በመገኘታቸው የምስጋና ደብዳቤ የጻፈው ለእኔ ነው። ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፣ ሁላችሁም አጨበጨባችሁልኝ። ሠርኬም አጨበጨበች። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔም ዝም አልኩ፤ ጭብጨባው ጣፍጦኝ። ዛሬ ጠዋት ግን አፍሬ ደብዳቤውን ከግድግዳው አወረድኩት።

እንግዲህ ፈጣሪ ዓይናችሁን ያብራ። ጤናና ዕድሜ አይንፈጋችሁ። በወንበሬ ለሚቀመጠው ሰው፣ «አላዩም» ብሎ የሚነግረው አይጥፋበት።

ወይዘሮ ሠርኬ፣ ይቅር ይበሉኝ። እባክዎ ይነሡ። ዛሬ የማጨበጭበው እኔ ነኝ።